ሻንጣ ውስጥ ያልገባው ላፕቶፕ

የሺሃረግ አሜሪካ ከገባች ጀምሮ የገዛችው ዕቃ ሁሉ፣ መጨረሻው የሰው ሻንጣ ነው። ጫማው፣ ስልኩ፣ የደም ግፊት መለኪያው፣ የሕፃን ልብሱ፣ አንድ ጊዜም የልብስ ስፌት መኪና ሞተር ብቻውን ተፈትቶ፣ ከቴክሳሷ ከተማ ከዩለስ ተነሥቶ አዲስ አበባ ገብቷል። እሷ ራሷ የምትቀመጥበት ሶፋ ግን ጎረቤቷ ቤት ሲለቅ ትቶላት የሄደው ነው። ይህ የሚነገረው እንዲታዘንላት አይደለም፤ እሷም ለራሷ አዝና አታውቅም። በዲቪ የመጣች፣ አግብታ የፈታች፣ ልጅ ያልወለደች፣ አገር ቤት አራት ወንድሞች ያሏት ሴት ሌላ ምን ታደርጋለች ተብሎ ይጠበቃል? ማንም አላስገደዳትም። ብቻ ሱቅ ገብታ አንድ ዕቃ ባነሣች ቁጥር፣ ከዋጋው በፊት ክብደቱን በእጇ መመዘን ለምዶባታል።

ሥራዋ በየቤቱ እየሄዱ አቅመ ደካሞችን መንከባከብ ነው። ሁለት ዓመት ያህል አዲሰን በምትባል ከተማ አንድ አፓርትመንት፣ ሚስተር ሃሪስ የሚባሉ ሽማግሌ ዘንድ ሠርታለች። ሰውየው ዕድሜያቸውን ሙሉ ትልልቅ የጭነት መኪና ሲነዱ ኖረው፣ እግራቸው አልታዘዝ ሲላቸው ኮምፒውተር ላይ መንዳት የጀመሩ ናቸው። ጌሙ ተኩስ የለው፣ ደም የለው፤ ጭነት ተቀብሎ፣ ተራራና በረሃ አቋርጦ ማድረስ ብቻ ነው። የሺሃረግ መጀመሪያ የሾርባ ሳሕን ይዛ ከኋላቸው ቆማ ነበር የምታየው። ቀጥሎ እጃቸው ሲንቀጠቀጥ የፍሬኑን ቁልፍ እንድትጫንላቸው ጠየቋት። ከዚያ አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ «እስኪ አንቺ ንጂ» ብለዋት ጋደም አሉ። ሲነቁ ሴትዮዋ በረዶ የጣለበትን ተራራ አልፋ፣ ቁልቁለቱን በከባድ ማርሽ ቀስ እያለች ስትወርድ አገኟት።

እዚህ ላይ አንድ ነገር መታወቅ አለበት። ይህች ሴት በእውነተኛው ዓለም ሃይዌይ አትወጣም። አሮጌ ቶዮታዋን ይዛ ከዩለስ አዲሰን የምትሄደው በየትራፊክ መብራቱ እየቆመች፣ በሰፈር ለሰፈር መንገድ ነው፤ ሌላው ሰው ግማሽ ሰዓት የሚፈጅበት እሷን ከሰዓት በላይ ይፈጅባታል። ሃይዌይ ላይ ያ ሁሉ መኪና እየተወነጨፈ ሲመጣ መሐሉ ገብቶ መቀላቀል የሚባለው ነገር ለእሷ የማይሞከር ነው። ኮምፒውተሩ ላይ ግን ሃያ ቶን ጭና ትቀላቀላለች፣ ትቀድማለች፣ ጥሩምባ ታሰማለች። ሚስተር ሃሪስ «የኔ ምክትል» ይሏት ጀመር። እሷም ቀኑን ስትጠብቀው ታድር ነበር።

ኋላ የሽማግሌው ልጅ መጣችና አባቷን ወደ ኦክላሆማ ወሰደቻቸው። ኮምፒውተሩም አብሮ ሄደ። ለየሺሃረግ የተሰጧት አዲሷ አሮጊት ቀኑን ሙሉ ቴሌቪዥን ከፍተው የሚተኙ ናቸው። ሚስተር ሃሪስ ናፈቋት ቢባል ውሸት አይደለም፤ የበለጠ የናፈቃት ግን መንገዱ ነው። ይህን ለራሷ ስታምን እንኳ አፈረች። ቢሆንም በትርፍ ሰዓት ከሠራችው ስምንት መቶ ዶላር ለይታ አስቀመጠች፤ በእሱ ጌሙን የሚያጫውት ላፕቶፕ ልትገዛ ቆረጠች።

ቁርጡ ቀላል ነው፤ መግዛቱ ነው ችግሩ። እኛ ዘንድ ብቻውን ዕቃ የሚገዛ ሰው የለም። መኪና ሲሆን መኪና የሚያውቅ፣ ቤት ሲሆን ቤት የሚያውቅ ይጠራል፤ ኮምፒውተር ሲሆን ደግሞ እንየው ነው። እንየው ፕሌኖ ከተማ አንድ ቢሮ ውስጥ የሠራተኞችን ኮምፒውተር የሚያስተካክል ትሑት ልጅ ነው። እሑድ እሑድ ከቤተ ክርስቲያን ሲወጣ መኪና ማቆሚያው ላይ ሁለት ሦስት ሰው ሳይዘው አይሄድም። የሺሃረግም ነጠላዋን እያስተካከለች ተራዋን ጠበቀች።

«ኦኬ እትዬ የሺ፣ ለማን ነው?» አላት። ሊያጣራባት ብሎ አይደለም፤ ሐኪም የት ጋ ያምሃል ብሎ እንደሚጀምር፣ የእሱም መጀመሪያ ጥያቄ ይኸው ነው።

የሺሃረግ «ለራሴ» ልትል አፏን ከፈተች። የወጣው ግን ለዓመታት የለመደችው መልስ ነው። «ለወንድሜ ልጅ ነው፣ ለኤፍሬም። አዲስ አበባ።»

«ሶ ቀላል ነው። ቀለል ያለ፣ ባትሪው የሚቆይ እንፈልግለታለን፤ መብራት ሲጠፋ እንዲሠራለት። ስምንት መቶ ምን ያደርጋል? ግማሹ ይበቃል።»

«ግራፊክስ ካርድ ያለው ነው ያለኝ» አለች። ይህን ከሚስተር ሃሪስ ነው የሰማችው፤ እሱ ከሌለ ተራራው እየተቆራረጠ ነው የሚሄደው ብለዋት ነበር።

እንየው ሳቅ አለ። «ጌም ሊጫወትበት ነዋ! ማለቴ፣ እትዬ የሺ፣ እርስዎ እዚህ ወገብዎ እስኪቆረጥ ሰው ያነሣሉ፣ እሱ እዚያ ቁጭ ብሎ ሊጫወት? ትልቅ ሰው አይደለም እንዴ? አያፍርም?»

የሺሃረግ ፊቷ ጋለ። ኤፍሬም ተክለ ሃይማኖት አካባቢ የመኪና መለዋወጫ የሚሸጥ፣ የሁለት ልጆች አባት ነው፤ ኮምፒውተር ጠይቋት አያውቅም። ላልሠራው ሥራ ሲሰደብ እያየች ዝም ማለት አልቻለችም። እውነቱን መናገር ደግሞ የባሰ ሆነባት። «አርክቴክቸር ነው የሚማረው» አለች ዓይኗን በጨው አጥባ። «ቤት የሚሥልበት ነው።»

«እንደሱ ቢሉኝ ኮ!» አለ እንየው። ወዲያው ፊቱ ተለወጠ፤ ለኤፍሬም አክብሮት ገባው። «ለሱ እንዲያውም ግራፊክስ ካርድ ያለውን የሚያክል የለም። ለጌም የሚሠራው ነው ለሥዕልም የሚሆነው።»

ማክሰኞ ዕለት ከሥራ ሲወጡ አንድ ትልቅ የኤሌክትሮኒክስ መደብር ተገናኙ። እንየው ለሰው ሲገዛ ለራሱ ከሚገዛው የበለጠ የሚጨነቅ ዓይነት ነው። አንዱን ላፕቶፕ ያነሣል፣ ያንኳኳል፣ ገልብጦ የአየር መውጫውን ያያል፣ ያስቀምጣል። የሺሃረግ ከኋላ ከኋላው ትከተላለች። አንዱ አምሮ ሳለ ካርዱ ደካማ ሆነ። አንዱ ካርዱ ጠንካራ ሆኖ ራም የሚሉት ሜሞሪው ጥቂት ሆነ፤ «ይሄ በኋላ ይጨመርለታል፣ ካርዱን ግን መቀየር አይቻልም፣ ሶ ገንዘቡ ካርዱ ላይ ይውደቅ» አለ። ቀይ መብራት ከቁልፎቹ ሥር የሚንቦገቦገውን ደግሞ ለጌጥ ነው የሚያስከፍሉት ብሎ አለፈው። እሷ ቀዩን መብራት ወዳው ነበር። አርክቴክት የምታሳድግ አክስት ቀይ መብራት አማረኝ አትልምና ተከትላው አለፈች።

በመጨረሻ አንድ ሰው ገዝቶት ሳይስማማው የመለሰው፣ በዚያ ምክንያት ዋጋው የወረደ አንድ ጥቁር ላፕቶፕ አገኙ። ካርዱ ጥሩ ነው፣ ራሙም አያንስም፤ ስክሪኑ ፈጣን ባይሆንም ቀለሙ ጥርት ያለ ነው። ጉድለቱ ክብደቱ ነው፤ ቻርጀሩ ብቻውን ጡብ ያክላል። የሺሃረግ አንሥታ ያዘችው። በሕይወቷ ለመጀመሪያ ጊዜ ክብደት ደስ አላት። የትም የማይሄድ ዕቃ ምን ቢከብድ ማን ግድ አለው?

ከፍላ ወጡ። ላፕቶፑን ተሸክሞ የነበረው እንየው ቀጥ ብሎ ወደራሱ መኪና ሄደና የኋላ ዕቃ መጫኛውን ከፈተ።

«ምነው?» አለችው።

«አላልኩዎትም እንዴ? ስርጉት ቅዳሜ ማታ ወደ አዲስ አበባ ትበራለች፣ ኮል አድርጌያት አስፈቅጃታለሁ። እኔ ፕሌኖ ጎረቤቷ ነኝ፣ እርስዎ ሃይዌይ አይወዱ፤ አደርስልዎታለሁ። እስከዚያ የሥዕል ፕሮግራሙንም እጭንለታለሁ።» እንዲህ ብሎ በደስታ ዘጋው።

እንዲህ ያለ ደግነት ሰውን እጅ ከወርች ያስራል። መንገደኛ ማግኘት እኛ ዘንድ ቀላል ነገር አይደለም፤ ሰው ወር ሙሉ ይለምናል። ስርጉት ደግሞ ዘንድሮ የታመመ አባቷን ልታይ የምትሄድ ናት፣ ሻንጣዋ ከአሁኑ ሞልቷል። ይህን ሁሉ አልፎ ለአንድ ላፕቶፕ ቦታ ያስለቀቀ ልጅ ፊት ቆሞ «ውሸቴን ነው» ማለት ለየሺሃረግ አልሆነላትም። «እግዜር ይስጥልኝ» አለች። ወደ ቤቷ ስትነዳ ሁለት ጊዜ የተሳሳተ መንገድ ገባች።

ሳምንቱ አልፎ ቅዳሜ መጣ። የሺሃረግ በመሐል ለእንየው እውነቱን ልትናገር ስልኩን አንሥታ ማስቀመጥ ሥራዋ ሆኖ ነበር። አሮጊቷን ምሳ አብልታ እንደጨረሰች ስርጉት ደወለች። ስርጉት የዕድሜ እኩያዋ ናት፣ ሆስፒታል የምትሠራ፣ ንግግሯ ቆፍጠን ያለ።

«የሺዬ፣ ሻንጣ እየዘጋን ነው። የኤፍሬምን ስልክ ቁጥር ቴክስት አድርጊልኝ፣ ቦሌ መጥቶ ይቀበለኝ።»

እዚህ ላይ ነበር ነገሩ የሚያልቀው። ቁጥሩን መላክ ብቻ ነው። ኤፍሬም ላፕቶፕ ያገኛል፣ ደስ ይለዋል፣ ለምን እንደተላከለትም አይጠይቅም፤ ከአሜሪካ የመጣ ዕቃ ለምን ተላከልኝ ተብሎ አይጠየቅም። የእሷም ውሸት እውነት ይሆናል። የሚያፍር ሰው የለ፣ የሚቀየም ሰው የለ። የሺሃረግ ቁጥሩን አወጣችው። ከዚያ በድንገት ሆድ ባሳት። ስለ ገንዘቡ አልነበረም። እሷ አንድ ነገር ተመኝታ፣ የተመኘችውን እንኳ ሌላ ሰው እንደተመኘው አድርጋ ነው የገዛችው። ይህ ገና አሁን ገባት፣ አናደዳትም።

«ራሴ እመጣለሁ» አለች።

«አሁን? በአንድ ሰዓት ውስጥ ወደ ኤርፖርት እንወጣለን ኮ።»

«ጠብቁኝ።»

በሰፈር ለሰፈሩ መንገድ ፕሌኖ በአንድ ሰዓት አይደረስም። የሺሃረግ ተተኪዋ እንደገባች መኪናዋን አስነሥታ፣ የሚስተር ሃሪስን ተራራ እያሰበች፣ ወደ ሃይዌይ መግቢያው ታጠፈች። ጥሩ ነዳች ማለት አይቻልም። በቀኙ መስመር ተለጥፋ፣ መሪውን በሁለት እጇ አንቃ፣ ኋላዋ የተሰለፈው ሁሉ ጥሩምባ እየነፋባት ነው የሄደችው። ብቻ ሲቀላቀሉ ፍሬን እንደማይያዝ፣ ቦታ እስኪገኝም ወደ ፊት ሳይሆን ወደ ጎን እንደሚታይ ታውቅ ነበር። ስትደርስ ሸሚዟ ጀርባዋ ላይ ተጣብቋል።

የስርጉት ሳሎን መንገደኛ ያለበት ቤት እንደሚሆነው ሆኖ ነበር። ትልልቆቹ ሻንጣዎች ተዘግተው በር ላይ ቆመዋል፤ አንድ ካልሲ አይጨምሩም። የሚሸኙ ሰዎች በየጥጉ ተቀምጠዋል። እንየው የእጅ ሻንጣዋን በሚዛን አንጠልጥሎ ቁጥሩን ያያል። ላፕቶፑ ጠረጴዛው ላይ ነበር፤ አላወቀችውም። ካርቶኑ ተጥሏል፣ ለጉምሩክ አዲስ እንዳይመስል ተለጣፊው ሁሉ ተልጧል፣ ክዳኑም ላይ እንየው ከራሱ አሮጌ ላፕቶፕ የላጠውን የተበጣጠሰ የባንክ ማስታወቂያ ለጥፎበታል።

«ሦስት ዓመት የሠራበት ይመስላል አይደል?» አላት ኮራ ብሎ።

ከላፕቶፑ አጠገብ አንድ ጥንድ ጥቁር የወንድ ጫማ ተቀምጧል። የስኳር ሕመም ላለበት ሰው ተብሎ የሚሠራው፣ ውስጡ ልስልስ፣ አፉ ሰፊ የሆነው ዓይነት ነው።

«ይሄስ?» አለች የሺሃረግ።

«የአባዬ ነው፤ ኪሎው አልበቃ አለኝ» አለች ስርጉት ልብስ እያጠፈች። «ምን ላድርግ፣ የልጁ ትምህርት ይቅደም። አባዬ የሚቀጥለው መንገደኛ እስኪገኝ ይታገሣል። በይ ቁጥሩን ንገሪኝ።»

የሺሃረግ ጫማውን አየች። የምትለውን መንገድ ላይ አሰናድታው ነበር፤ ጫማውን ስታይ ሁሉም ጠፋባት።

«ኤፍሬም አርክቴክት አይደለም» አለች። «ላፕቶፕም አልጠየቀኝም። ለኔ ነው።»

እንየው ሚዛኑን ቀስ ብሎ አወረደ።

«ለአንቺ ምን ያደርግልሻል?» አለች ስርጉት፤ ከልቧ ስላልገባት።

«ልጫወትበት ነው። የጭነት መኪና የሚነዳበት ጌም አለ። ሽማግሌው ጋ ስሠራ ለምጄው…» ወደ ላፕቶፑ እያየች ጨረሰችው። «እወደዋለሁ። ስለምወደው ነው።»

አንድ ጥግ የተቀመጠ ሰው ሊስቅ ሲል ሚስቱ በክርኗ ጎሸመችው። ሁሉም እንየውን አየ፤ በጣም የደከመው እሱ ነውና። እንየው ወደ ላፕቶፑ፣ ከላፕቶፑ ወደ እሷ አየ። ተቀይሟል፤ ፊቱ ላይ ይታወቃል።

«እትዬ የሺ፣ እንደዚህ አይደረግም» አለ በመጨረሻ። «ለጌም ቢሉኝ ኖሮ ፈጣን ስክሪን ያለውን ነበር የምመርጥልዎት። ሦስት ሰዓት ሙሉ ለአርክቴክት ነው ኮ የመረጥኩት!»

የሺሃረግ ይቅርታ ጠየቀችው። እሱም ትንሽ ካሰበ በኋላ የሥዕሉን ፕሮግራም እንደሚያጠፋላት፣ ግን ዛሬ እንዳልሆነ ነገራት። ዛሬ ሊያናግራት አልፈለገም።

ስርጉት ላፕቶፑን ከነቻርጀሩ አንሥታ ሰጠቻት። ጫማውን ወደ እጅ ሻንጣው መልሳ አስገባችና በሚዛኑ አነሣችው። ጫማው ከላፕቶፑ ይቀላል። ቁጥሩን አየች፣ እንደገና አየች፤ ከዚያ መንገደኛ ሁሉ የሚያደርገውን አደረገች።

«ኪሎ ተርፎኛል» አለች። «ለኤፍሬም የሚሄድ ነገር የለሽም? ለልጆቹም ቢሆን።»

ቤቱ ሁሉ ወደ የሺሃረግ ዞረ። እጇ ከልማዱ ቦርሳዋ ውስጥ ገባ። አንድ ነገር መኖር አለበት፤ ሁልጊዜ አለ። ቪታሚን፣ ቅባት፣ ቢያንስ ቸኮሌት። ቦርሳዋ ውስጥ ያለው የራሷ መነጽርና የቤቷ ቁልፍ ነበር። እጇን ባዶውን አወጣችው።

«የለኝም» አለች።

ይህ ቃል እንዲህ ሊከብድ ይችላል ብላ አስባ አታውቅም። ስርጉት ሻንጣውን ዘጋችው። የሺሃረግ ላፕቶፑን ደረቷ ላይ አቅፋ ወጣች።

የሚቀጥለው ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ የወጥ ቤት ጠረጴዛዋ ላይ ተቀምጣ ነበር። እንየው ሐሙስ መጥቶ፣ ብዙ ሳያወራ፣ ሁሉን አስተካክሎላት ሄዷል፤ ሊሄድ ሲል ማውስ ሰጥቷታል። የባንኩ ማስታወቂያ አሁንም ክዳኑ ላይ ነው። እንጨት ጭና ረጅም ቁልቁለት እየወረደች ሳለ ስልኳ ጮኸ። ኤፍሬም ነው። ሳታቆም ድምፅ ማጉያው ላይ አደረገችው።

«እትዬ፣ ስርጉት መጥታለች ሲሉኝ አባቷን ልጠይቅ ብሄድ አርክቴክት ሆነሃል አሉኝ ኮ» አለ እየሳቀ። «ላፕቶፕም ነበረህ አሉኝ። እውነት ነው?»

ፊት ለፊቷ ጠባብ መታጠፊያ መጣ። የሺሃረግ ማርሽ ቀነሰች፣ ቀስ ብላ ፍሬን ያዘች።

«ኤፍሬምዬ፣ እየነዳሁ ነው» አለችው። «ስደርስ እደውልልሃለሁ።»

ዘጋችውና መታጠፊያውን ዞረች።